ሁለት ሐኪሞች፣ አንድ ጨቅላ፣ ሁለት ቁጥር፦ በእርግብግቢት በኩል የሚሠራ የአንጎል ዶፕለር ለምን ይለያያል?

ጥያቄ፦ በጊዜው የተወለደ፣ 3.1 ኪሎ የሚመዝን ወንድ ልጅ ነው። ምጡ ረዝሞ ነበር፤ እንደተወለደ አላለቀሰም፤ በ5ኛው ደቂቃ አፕጋሩ (ለአዲስ ልጅ ሁኔታ ከ10 የሚሰጠው ነጥብ) 3 ነበር። በ12ኛው ሰዓት አንቀጠቀጠውና ፌኖባርቢታል (የመንቀጥቀጥ መድኃኒት) ጀመርንለት። የማቀዝቀዣ ሕክምና (አንጎሉን ለመጠበቅ የልጁን ሙቀት ዝቅ ማድረግ) እኛ ጋ የለም። በ30ኛው ሰዓት በእርግብግቢቱ በኩል ኤሲኤ (የአንጎል የፊት ደም ቅዳ) ላይ ዶፕለር (የደም ፍጥነትን የሚለካ አልትራሳውንድ) ሠርቼ አርአይ (ደም ሥሮቹ ፍሰቱን ምን ያህል እንደሚቋቋሙ የሚጠቁም ቁጥር) 0.52 አገኘሁ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ባልደረባዬ ሲሠራው 0.74 ሆነ። የትኛውን እንመን? ወላጆቹንስ ምን እንበላቸው?

ምላሽ፦

ከሁለቱ አስቀድሜ የምጠረጥረው 0.74ቱን ነው፤ ምክንያቱም በጣም የተለመደው ስሕተት እጅን እርግብግቢት ላይ ማክበድ ነው፤ እሱም አርአይን ከፍ ያደርጋል። የእርስዎ 0.52ም ቢሆን ገና አልተረጋገጠም፤ ጌይን (የማሽኑ ምልክት ማጉያ) ከልክ በላይ ከፍ ብሎ ወይም የልጁ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዛሬውኑ፣ ሁለታችሁም አንድ ላይ ቆማችሁ፣ ልኬቱን ድገሙት። እስከዚያ ለወላጆቹ ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱንም አትንገሩ።

አሁን ወደ ምክንያቱ። አርአይ ራሱ ቀላል ስሌት ነው፤ ከሲስቶል (ልብ ስትጨመቅ) ጫፍ ፍጥነት ላይ የዲያስቶል (ልብ ስትላላ) መጨረሻ ፍጥነት ተቀንሶ፣ የቀረው ለዚያው ለሲስቶል ጫፍ ይካፈላል። የሲስቶሉ ጫፍ በሰከንድ 30 ሴንቲ ሜትር፣ የዲያስቶሉ መጨረሻ 14.4 ቢሆን 0.52 ይወጣል። ሲስቶሉ እዚያው 30 ላይ ሆኖ ዲያስቶሉ ወደ 7.8 ቢወርድ 0.74 ነው። ማለትም በእናንተ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት በሙሉ በስክሪኑ ላይ በሚታየው የፍጥነት ሞገድ ጅራት (በዲያስቶሉ መጨረሻ) ላይ ሊያርፍ ይችላል። ጅራቱ ደግሞ የሞገዱ ደካማ ጎን ነው፤ በዲያስቶል ጊዜ ደሙን የሚገፋው ግፊት ትንሽ ስለሆነ፣ ከውጭ የመጣ ጥቂት ጫና እንኳ መጀመሪያ የሚያጠቃው እሱን ነው።

እጁን በቅርብ እንየው። ፕሮቡ (ቆዳው ላይ የሚያርፈው የማሽኑ መፈተሻ) ከነገመዱ ክብደት አለው። ሐኪሙ በኢንኩቤተሩ መስኮት እጁን አስገብቶ፣ ክንዱ ሳይደገፍ፣ ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ሆኖ ሲሠራ ሳያውቀው ይጫናል። ምስሉ ሲደበዝዝበት ደግሞ ይበልጥ ይጫናል። ጤናማ ጨቅላ ይህን ይችለዋል፤ የአንጎል ፈሳሹ ትንሽ ገለል ብሎ ለጫናው ቦታ ስለሚለቅ አርአዩ ብዙም አይለወጥም። አንጎሉ ያበጠ ወይም ፈሳሽ የተጠራቀመበት ልጅ ግን የሚለቀው ቦታ የለውም። ያችው ትንሽ ጫና በቀጥታ የራስ ቅል ውስጥ ግፊትን ታነሳለች፤ የሞገዱም ጅራት ይሰምጣል። ስለዚህ በእናንተ ልጅ ላይ ልዩነቱ እንዲህ መስፋቱ ራሱ መልእክት ሊኖረው ይችላል፤ አንጎሉ ጠበብ እንዳለበት ያመለክት ይሆናል። (ሃይድሮሴፋለስ፣ ማለትም አንጎል ውስጥ የፈሳሽ መጠራቀም፣ ባለባቸው ሕፃናት ላይ ይህን ባሕርይ ሆን ብለው፣ በልክ ተጭነው የሚፈትኑ አሉ። በታፈነና በሚንቀጠቀጥ ልጅ ላይ ግን አትሞክሩት።)

እንዴት ይያዝ? ጄሉን በልግስና ያድርጉ፤ በቆዳውና በፕሮቡ መካከል 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ጄል እንዲቆም። ይህ ጄል ስክሪኑ አናት ላይ እንደ ቀጭን ጥቁር መስመር ይታያል፤ መስመሩ ከጠፋ ተጭነዋል ማለት ነው። ትንሿንና የቀለበት ጣትዎን በልጁ ግንባር አጥንት ላይ ያሳርፉ፤ የእጅዎ ክብደት በአጥንቱ ላይ ይዋል እንጂ በእርግብግቢቱ ላይ አይዋል። ገመዱን በክንድዎ ላይ አዙረው ይያዙት፤ ተንጠልጥሎ ፕሮቡን ወደ ታች እንዳይጎትት። ከዚያ ሞገዱ በስክሪኑ ላይ እየሮጠ ሳለ ፕሮቡን በጣም በቀስታ ከፍ ያድርጉትና ጅራቱን ይመልከቱ። ከፍ ሲያደርጉ ጅራቱ አብሮ ከፍ ካለ፣ ቅድም ተጭነው ነበር። ግንኙነቱ ሊቋረጥ ጥቂት ሲቀረው ያለው ንባብ ነው ትክክለኛው። ለባልደረባዎ ይህችን አንዲት ነገር ብቻ ቢያሳዩት ግማሹ ችግር ሊፈታ ይችላል።

ቦታውንም አንድ አድርጉ። ኤሲኤን ለማግኘት በሰውነቱ መካከለኛ መስመር ላይ፣ ከፊት ወደ ኋላ የሚቆርጠውን ምስል ይያዙ፤ ኮርፐስ ካሎሰም (ሁለቱን የአንጎል ንፍቆች የሚያገናኘው ድልድይ) እና ከሥሩ ያለው ካቩም (ፈሳሽ ያለበት ክፍተት) በአንድ ምስል ላይ ይታዩ። ከለር ዶፕለር ሲከፍቱ ደም ቅዳው ከኮርፐስ ካሎሰም የፊት ጉልበት በታች ተነስቶ፣ ጉልበቱን ዞሮ ወደ ላይ ሲወጣ ያዩታል። ልኬቱ የሚወሰደው ከጉልበቱ በታችና ፊት ለፊት፣ ደሙ ቀጥ ብሎ ወደ ፕሮቡ በሚመጣበት ቦታ ነው። አንዳችሁ እዚያ፣ ሌላችሁ ጉልበቱን ካለፈ በኋላ ካለው ቅርንጫፍ ላይ ከለካችሁ ቁጥራችሁ አንድ ላይሆን ይችላል፤ ወደ ቅርንጫፎቹ እየራቁ ሲሄዱ አርአይ የመቀነስ ዝንባሌ አለውና።

ማሽኑን በተመለከተ ፕሮቡ ከ5 እስከ 8 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ሴክተር ወይም ትንሽ ኮንቬክስ ቢሆን ይመረጣል። በብዙ ሆስፒታሎቻችን የሆድ ኮንቬክስና ሊኒየር ብቻ ነው የሚገኘው። የልብ አልትራሳውንድ ክፍል ካለ ግን የእነሱን የልብ ፕሮብ መዋሱ የተሻለ ነው፤ ፊቱ ጠባብ ስለሆነ በእርግብግቢቱ ላይ ልክ ይቀመጣል፤ ለዶፕለርም የተሠራ ነው። የአዋቂው የልብ ፕሮብ እንኳ ከጆሮው ፊት፣ ከጉንጭ አጥንቱ ከፍ ብሎ ባለው ስስ አጥንት በኩል ኤምሲኤን (የአንጎል መካከለኛ ደም ቅዳ) ለመለካት ያገለግላል።

ሳምፕል ቮሊዩሙን (ማሽኑ ፍጥነቱን የሚያነብበትን ጠባብ ቦታ) ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ያድርጉት። ሰፊ ከሆነ ጎረቤት ደም መልስ ይገባበታል፤ ከቤዝላይኑ (ከዜሮ መስመሩ) በታች ለስላሳ፣ የማይመታ ጥላ ካዩ እሱ ነው። ስኬሉን (የፍጥነት መለኪያ ክልሉን) ሞገዱ የስክሪኑን ሁለት ሦስተኛ እስኪሞላ ያስተካክሉት፤ በጣም ከፍ ካለ ሞገዱ ድንክ ይሆንና መለኪያውን ማስቀመጥ ያስቸግራል፤ በጣም ዝቅ ካለ ጫፉ ተቆርጦ በሌላው በኩል ይወጣል።

ስለ ዎል ፊልተር ትንሽ ላብራራ፤ ብዙ ጊዜ በደፈናው ይወቀሳልና። ፊልተሩ ከተወሰነ ድግግሞሽ በታች ያለውን ሁሉ ይጥላል። በ5 ሜጋኸርዝ ፕሮብ፣ ደሙ ቀጥ ብሎ ሲመጣ፣ 100 ኸርዝ ፊልተር የሚደብቀው በሰከንድ ከ1.5 ሴንቲ ሜትር በታች ያለውን ፍጥነት ነው፤ 400 ኸርዝ ፊልተር ደግሞ ከ6 ሴንቲ ሜትር ገደማ በታች ያለውን ይደብቃል። ስለዚህ የባልደረባዎ 7.8 አካባቢ ከሆነ ጥፋቱን በፊልተር ማሳበብ አይቻልም። ፊልተር ሲያጠፋ ሌላ መልክ አለው፤ ጅራቱ በከፊል አይቀንስም፣ ጨርሶ ይቆረጣል፤ በቤዝላይኑና በሞገዱ መካከል ጥርት ያለ ጥቁር ክፍተት ይቀራል፤ አርአዩም 1.0 ሆኖ ይወጣል። ይህን አይቶ «የዲያስቶል ፍሰት የለም» ብሎ የሚጽፍ ሰው አለ። ከመጻፍ በፊት ፊልተሩን ወደ ዝቅተኛው፣ ብዙ ጊዜ ወደ 50 ኸርዝ ወይም ከዚያ በታች፣ ማውረድ ነው።

ጌይን በተቃራኒው የእርስዎን ቁጥር ሊያጣምም ይችላል። ጌይኑ ከፍ ሲል በሞገዱ ዙሪያ ጭጋግ ይነሳል፤ ማሽኑ በራሱ የሚስለው መስመር ጭጋጉን እንደ ደም ቆጥሮ ከፍ ብሎ ይሄዳል። ጭጋጉ ከሲስቶሉ ጫፍ ይልቅ በድርሻ ሲታይ ዝቅተኛውን ጅራት ስለሚያገዝፈው አርአይ ዝቅ ይላል። ጌይኑን ጀርባው ጥቁር እስኪሆን ያውርዱና፣ አውቶማቲኩን መስመር ትተው መለኪያውን በእጅዎ ያስቀምጡ፤ ቢያንስ 5 ተከታታይ ምት ለክተው አማካዩን ይውሰዱ። ልጁ እያለቀሰ ወይም እየተንቀጠቀጠ የተወሰደ ልኬት አይቆጠርም።

ስለ አንግል (በፕሮቡ ድምፅና በደሙ አቅጣጫ መካከል ስላለው ማዕዘን) ብዙዎች ይጨነቃሉ። አርአይ ክፍልፋይ ስለሆነ የአንግል ስሕተት ከላይም ከታችም እኩል ይገባና ይጣፋል። ፍጥነቱን መጻፍ ከፈለጉ ግን (መጻፍም አለብዎት) አንግሉ ከ20 ዲግሪ አይለፍ፤ እዚያ ድረስ ያለው ስሕተት 6 በመቶ ገደማ ነው። 60 ዲግሪ ላይ ሳያስተካክሉ ከለኩ ግማሹን ፍጥነት ብቻ ነው ያገኙት።

እጁም ማሽኑም ደህና ከሆኑና ሁለቱ ቁጥሮች አሁንም ከተለያዩ፣ ያኔ ምክንያቱ ልጁ ውስጥ ነው። በሁለት ሰዓት ውስጥ ምን ተለወጠ? ዋናው ተጠርጣሪ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ሲጨምር የአንጎል ደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ጅራቱ ከፍ ይላል፣ አርአይ ይወርዳል። ሲቀንስ ይጠባሉ፣ አርአይ ይወጣል። ፌኖባርቢታል በኪሎ 20 ሚሊ ግራም የወሰደ ጨቅላ አተነፋፈሱ ሊደክም፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱም ሊጠራቀም ይችላል፤ 0.52ቱ የተለካው ከመጨረሻው መርፌ ብዙም ሳይቆይ ይሆን? ከዚያ በኋላስ አተነፋፈሱ ቀንሶ በአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ በሚያስተነፍስ ከረጢት) በፍጥነት ተረድቶ ነበር? በፍጥነት ከተረዳ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ታጥቦ ወጥቶ 0.74ቱን ሊያመጣ ይችላል። የደም ጋዝ ምርመራ ከሌላችሁ የነርሷ ቻርት ብዙ ይነግራችኋል፤ የአተነፋፈስ ቁጥሩን፣ የመድኃኒቱን ሰዓት፣ ባግ የተደረገበትን ጊዜ ከሁለቱ ልኬቶች ሰዓት ጎን አስቀምጡት።

የልብ ምትም ቀላል አይደለም። ምቱ ሲዘገይ ዲያስቶሉ ይረዝማል፤ ጅራቱ ለመውረድ ጊዜ ያገኛል፤ አርአይ ከፍ ይላል። ምቱ 160 የነበረው ልጅ ወደ 100 ቢወርድ አንጎሉ ሳይለወጥ ቁጥሩ ይለወጣል። የደም ስኳር ሲያንስ የአንጎል ደም ፍሰት ስለሚጨምር ከልኬቱ ጋር ስኳሩንም ለኩ። መንቀጥቀጥ ፍጥነቱን ያንራል፤ ደም ማነስም እንዲሁ፤ ደሙ የወፈረ ልጅ ደግሞ ፍጥነቱ ይወርዳል። ጊዜያቸው ሳይደርስ የተወለዱት ላይ ትልቁ አታላይ ፒዲኤ (ከልደት በኋላ ሳይዘጋ የቀረ፣ ልብ አጠገብ ያለ ደም ሥር) ነው፤ በዲያስቶል ጊዜ ደሙን ወደ ሳንባ እየሰረቀ ጅራቱን ባዶ ያደርገዋል፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ጥፋቱ የልብ ሆኖ ሳለ አንጎሉ ይከሰሳል። የእናንተ ልጅ በጊዜው የተወለደ ስለሆነ ፒዲኤ ከተጠርጣሪዎቹ ዝርዝር ግርጌ ላይ ነው፤ በልቡ ላይ ማጉረምረም ከሰማችሁ ግን ልቡን አሳዩ።

እንበልና ይህን ሁሉ አጣርታችሁ 0.52ቱ ጸና። ምን ማለት ነው? በጊዜው ተወልዶ ደህና የሆነ ጨቅላ አርአይ በአብዛኛው ከ0.60 እስከ 0.80 መካከል ይሆናል። በታፈነ ልጅ ላይ ከ0.55 በታች መውረዱ የአንጎል ደም ሥሮች ራሳቸውን የመቆጣጠር አቅም አጥተው ተከፍተው መቅረታቸውን ያመለክታል፤ ደሙ ይፈሳል፣ የተጎዳው ሕዋስ ግን አይጠቀምበትም። ይህ የ0.55 ወሰን እ.ኤ.አ. በ1986 በእንግሊዝ ከታተመ ጥናት ጀምሮ የሚሠራበት ነው። ያኔ የማቀዝቀዣ ሕክምና አልነበረም፤ ዛሬ በ33.5 ዲግሪ ለ72 ሰዓት በሚቀዘቅዙ ልጆች ላይ ዝቅተኛ አርአይ የመተንበይ ኃይሉ ቀንሷል። የእናንተ ልጅ ስላልቀዘቀዘ የድሮው ወሰን ለእሱ ይበልጥ ይቀርበዋል። (ማቀዝቀዣ ባለመኖሩ ተጸጽታችሁ በበረዶ ወይም ልብሱን በመግፈፍ ለማካካስ ግን አትሞክሩ። በሕንድ፣ በስሪላንካና በባንግላዴሽ ተሠርቶ በ2021 የወጣው ትልቅ ጥናት ማቀዝቀዙ ሞትን ሲጨምር ነው ያገኘው። ደግሞም ሕክምናው የሚጀመረው በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ነው፤ ያ አልፏል።)

ሰዓቱም ትርጉም አለው። የአርአይ መውረድ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ከመጀመሪያው ቀን በኋላ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው። በ6ኛው ሰዓት 0.70 የተገኘ ልጅ ተረፈ ማለት አይደለም። ሌላም ወጥመድ አለ፤ እብጠቱ እየገፋ ከሄደ ወርዶ የነበረው ጅራት መልሶ ይሰምጣል፤ አርአይም ከ0.52 ተነስቶ ወደ 0.90 ሲጓዝ በመንገዱ ላይ በ0.74 ያልፋል። ያቺን ቅጽበት የለካ ሰው «ጤናማ» ብሎ ይጽፋል። በሁለት ሰዓት ውስጥ እንዲህ መሆኑ ያልተለመደ ቢሆንም ሊዘለል የሚገባው አይደለም። የሚለየው ፍጥነቱን በማየት ነው፤ በጤናማው 0.74 ሲስቶሉም ዲያስቶሉም ደህና ፍጥነት አላቸው፤ በእብጠቱ 0.74 ሲስቶሉ ራሱ እየወረደ፣ ሞገዱ እንደ ሹል እሾህ እየቀጠነ ይሄዳል። እርግብግቢቱም ይወጠራል፤ ቬንትሪክሎቹ (በአንጎሉ ውስጥ ፈሳሽ ያለባቸው ክፍተቶች) ተጨፍልቀው እንደ ስንጥቅ ይሆናሉ።

ለዚህ ነው አርአይን ብቻውን አትጻፉ የምለው። ሲስቶሉ 30፣ ዲያስቶሉ 9 የሆነ ልጅና ሲስቶሉ 15፣ ዲያስቶሉ 4.5 የሆነ ልጅ ሁለቱም አርአያቸው 0.70 ነው፤ የአንዱ ደም ግን በግማሽ ፍጥነት ነው የሚሄደው። ፍጥነትም ቢሆን ፍሰት አይደለም፤ ፍሰትን ለማስላት የደም ቅዳውን ስፋት ማወቅ ያስፈልጋል። የጨቅላ ኤሲኤ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስትለኩ በ0.1 ብትሳሳቱ ስሌቱ በ20 በመቶ ገደማ ይዛባል። «የአንጎል ደም ፍሰት ይህን ያህል ነው» ብሎ ከኤሲኤ ተነስቶ መጻፍ አይቻልም፤ የሚጻፈው ፍጥነትና አርአይ ነው።

ስለ ልጁ ደኅንነት ሁለት ነገር። ፐልስድ ዶፕለር ኃይሉን አንድ ነጥብ ላይ ስለሚያሳርፍ፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን ቲአይ የሚባለውን፣ የመሞቅ አደጋን የሚጠቁመውን ቁጥር ከ0.7 በታች አድርጉና፣ ሞገዱ እንደተያዘ ፍሪዝ አድርጋችሁ መለካቱን በቆመው ምስል ላይ ጨርሱ። ሁለተኛው የጄሉ ጠርሙስ ነው። ከትልቅ ጀሪካን እየተሞላ ከአልጋ አልጋ የሚዞር ጠርሙስ ተሕዋስያን ያዞራል። ለጨቅላ የታሸገ ስቴራይል ጄል ተጠቀሙ፤ ፕሮቡን ከእያንዳንዱ ልጅ በፊትና በኋላ አምራቹ በሚፈቅደው ማጽጃ ጥረጉ። ጄሉን በእጅ አሙቁት፤ ቀዝቃዛ ጄል ልጁን ያስለቅሰዋል፤ ልቅሶው ደግሞ ልኬቱን ያበላሸዋል።

ወላጆቹን በተመለከተ። አንድ ቁጥር ብቻውን ስለ አንድ ልጅ ሕይወት አይፈርድም፤ 0.52 ቢጸና እንኳ። ከንቃቱ፣ ከጡንቻው ሁኔታ፣ ከመምጠት ብቃቱ፣ ከመንቀጥቀጡ ብዛት፣ በአልትራሳውንዱ ላይ ታላመስ (የአንጎሉ ጥልቅ ክፍል) ነጥቶ መታየት አለመታየቱ ጋር ተደምሮ ነው የሚነገር ነገር የሚወጣው። ዛሬ እናቱን «ልጅሽ ሲወለድ አንጎሉ አየር አጥሮት ተጎድቷል፤ መንቀጥቀጡን እያከምን ነው፤ ምን ያህል እንደተጎዳ ዛሬ ላይ መናገር አንችልም፤ በሚቀጥሉት ሁለት ቀናት ደጋግመን እናየዋለን፤ ያየነውንም እንነግርሻለን» ማለት እውነት ነው። አባቱም አብሮ ይስማ፤ ወሬው በአንዱ ወላጅ በኩል ብቻ ሲሄድ መልኩን ይለውጣል። በሦስተኛው ቀን የምታገኙት ከዛሬው ጋር ሲነጻጸር ምን እንደሚመስል ያኔ ቁጭ ብላችሁ ትነግሯቸዋላችሁ።

አሁን ድገሙት፤ ከዚያ በ48ኛውና በ72ኛው ሰዓት። ሁለታችሁም፣ አንዳችሁ የሌላችሁን ቁጥር ሳታዩ፣ በአንድ ፕሮብ፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ፊልተር። ከ0.05 በላይ ከተለያያችሁ እንደገና ለኩ፤ ማን እንደተጫነ ጅራቱን እያያችሁ ፈልጉ። በቻርቱ ላይ የሚሰፍረው እንዲህ ያለ ይሁን፦ «32ኛ ሰዓት። ኤሲኤ፣ ከኮርፐስ ካሎሰም ጉልበት በታች። ሲስቶል 31፣ ዲያስቶል 14፣ አርአይ 0.55፣ የ5 ምት አማካይ። ፊልተር 50 ኸርዝ፣ አንግል 10። የልብ ምት 138፣ ትንፋሽ 44፣ ስኳር 78፣ ሙቀት 36.7። ከመጨረሻው ፌኖባርቢታል 6 ሰዓት። ልጁ ተኝቷል፣ መንቀጥቀጥ የለም። ጄሉ በስክሪኑ ላይ ይታያል።»